ቤት አሟሺው ጋሽ እንድሪስ

ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ውጫሌ መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባሴን ስጭን ነው። እኅቴ ከድጃ ደውላ «ሰይዱ፣ ሰውየው ሄዱ» አለችኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኋትም። በእኛ ቤት «ሰውየው» ከተባለ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ኢና ሊላሂ» አልኩና ተሳፋሪዎቹን «ይቅርታ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ሰው እየለቀምኩ አልሄድም፣ ሐይቅ ለቅሶ አለብኝ» ብያቸው ሞተሩን አስነሳሁ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ማን ሞተብህ ልጄ?» ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣልኝ ከተማው ያወጣላቸው ስም ነው።

«ቤት አሟሺው።»

«እኒያ ልብስ ሰፊው? ወይኔ! የእኛንም ቤት አሟሽተውልን ነበር እኮ» አሉና የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ እስከ ሐይቅ ድረስ የመኪናው ጨዋታ እሳቸው ሆኑ።

አዲስ ድስት ሳይሟሽ እሳት ላይ እንደማይጣድ ሁሉም ያውቃል። ቤት ይሟሻል ሲባል የሰማ ግን ከእኛ አገር ውጭ ያለ አይመስለኝም። ጋሽ እንድሪስ ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው፤ አስፋልቱ ዳር ባለች በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፋሉ። ሰው የሚያከራየው ቤት ሲሠራ፣ ወይም የሚከራይ ቤት ሊገዛ ሲያስብ ወደ እሳቸው ይመጣል። እሳቸው አንዷን ክፍል ይከራዩና ክረምቱን ይከርሙባታል። መስከረም ሲጠባ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይወጡና ለሰውየው እውነቱን ይነግሩታል። የት እንደሚያፈስ፣ ውሃው መቼ መቼ ብቅ እንደሚል፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚከራየው፣ ያ ሰው ደግሞ ምን ሲመረው ጥሎ እንደሚወጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከራይ ነበሩ። ሐይቅ ላይ ቤት ሲሞገስ «እንድሪስ የከረሙበት ነው» ይባላል፤ ይህ ከተባለ ደላላ እንኳ ከዚያ በላይ አይጨምርም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይቆጣ ሰው ነበሩ። የልብስ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ለጁምዓ ሶላት ሳይቀር ረስተውት ይሄዱና ሰው ይስቅባቸው ነበር። አዲስ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ በሩን ዘግተው ዝም ብለው ይቆማሉ። ከዚያ ግድግዳውን በትከሻቸው ደገፍ ያደርጉና ባለቤቱን «ይህ ቤት ባዶውን ቢከርም ማን ይቀልበዋል?» ይሉታል።

«ኧረ ጋሼ፣ ቤት ያበላል እንጂ ይቀለባል እንዴ?» ይላቸዋል ባለቤቱ።

«ያበላልም፣ ይበላልም። የሚያበላውን ደላላው ይነግርሃል። የሚበላውን የሚነግርህ ቤቱ ነው። እሱ ደግሞ አፉን የሚከፍተው ከገዛኸው ወዲያ ነው።»

እኔን ከእሳቸው ጋር ያስተዋወቀኝ የእኅቴ ነገር ነው። እቴ ከድጃ ልጇን ሰሚራን ገና ጡት እንዳስጣለች ለእናታችን ትታ ሳዑዲ ሄደች። የሰው ቤት ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ዓመታት አለፉ። ሰሚራ እናቷን ስልክ ውስጥ የምትኖር ሴት አድርጋ ነው ያወቀቻት። አንድ ቀን እቴ ደወለችና «ሰይዱ፣ በቃኝ» አለችኝ። «ያጠራቀምኳትን የሚከራይ ቤት ላይ ጣልልኝ። ኪራዩን እየበላሁ ልጄን ላሳድግ። ነገሩ ከተበላሸ ግን ተመልሼ መሄዴ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰሚራ ሳላያት ትዳራለች።» ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ግን እኔ ቤቱን አግኝቼዋለሁ! ውጫሌ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ባለ ፎቅ፣ መስኮቱ ሰማያዊ መስታወት። ክፍሎቹ በሙሉ ተይዘዋል፤ ተከራዮቹ መንገድ የሚሠራው ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ኪራዩ ሐይቅ ላይ ከሚከፈለው እጥፍ ይጠጋል። የእቴ ገንዘብ ለመግዣው አይሞላም፤ የጎደለውን ከባንክም ከዘመድም እንበደራለን፣ ዕዳውን ኪራዩ ራሱ ይከፍለዋል ብዬ በራሴ ጭንቅላት አስልቼ ጨርሻለሁ። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር እንደ ሠርግ ሚዜ ክላክስ እነፋለት ነበር። እናታችን ናት «ለአሟሺው ሳታሳይ አንዲት ሳንቲም ብትከፍል አልወለድኩህም» ያለችኝ።

ጋሽ እንድሪስ የሰው ሱሪ እያሳጠሩ ሰሙኝ።

«ተከራዮቹ እነማን ናቸው?»

«የመንገድ ሠራተኞች።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! ደሞዛቸው ጥሩ ነው። ወሩን አያዛንፉም።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እንዲያ ከሆነ ያለህ አንድ ተከራይ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል እያልኩዎት!»

«አንድ ነው ልጄ። አንድ ጌታ ያመጣቸው ሰዎች አብረው መጡ፣ አብረው ይሄዳሉ። ሲሄዱ ባንኩ አብሯቸው የሚሄድልህ መሰለህ?» ቀና ብለው አዩኝና ፊቴ መገርጣቱን ሳያዩ አልቀሩም። «አብሽር፣ ልክረምበትና እንተያይ» አሉ።

ሰኔ ላይ አልጋቸውን፣ ሳጥናቸውንና የስፌት መኪናቸውን ሚኒባሴ ጣሪያ ላይ ጭነን ወደ ውጫሌ ወጣን። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር «ቀስ፣ ቀስ በል፣ ከሚስት በላይ አብራኝ የኖረች ናት» እያሉ አሳቀቁኝ። ከዚያ ወዲያ በየምልልሱ በረንዳቸው ላይ ጎራ ማለት ልማድ ሆነብኝ። ሻጩ ግን አላስቀመጠኝም፤ «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ነገ አትበል» እያለ ይጨቀጭቀኛል። እቴም ከወዲያ ትጨቀጭቀኛለች። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ቸኩለው አያውቁም። አንድ ቀን ውሃው በቦቴ ተገዝቶ እንደሚመጣ ይነግሩኛል። ሌላ ቀን የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የሚመጥ መኪና ከደሴ ድረስ እንደሚጠራ፣ የጥበቃውም ደሞዝ ከኪራዩ እንደሚወጣ። ከእኔ ስሌት ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም። ያ እጥፍ ያልኩት ኪራይ በየሳምንቱ ዓይኔ እያየ ከሳ።

ቢሆንም ቤቱን ወድጄዋለሁ፤ ሰው የወደደውን አይተውም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ብደርስ በረንዳቸው ላይ ሻንጣ በሻንጣ ላይ ተከምሯል።

«ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ነው ጋሼ?»

«ዚፕ መቀየር ይዣለሁ።»

«የማን ሻንጣ ነው ይሄ ሁሉ?»

«የፎቁም፣ የምድሩም።» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉት። «ሰው ሊቀመጥ ሲያስብ መጋረጃ ያሰፋል ሰይዱ። ከገባሁ ጀምሮ መጋረጃ ያመጣልኝ ተከራይ የለም። አሁን ይኸው ሁሉም ዚፕ አምጥቷል።»

እዚያው ቆሜ ሳለሁ እቴ ደወለች። ድምፁ ለሁለታችን እንዲሰማ አድርጌ ስለነበር ምሬቷ በረንዳውን ሞላው። «ሻጩ ለሌላ ሰው ሊሰጥብኝ ነው! የአንድ ልብስ ሰፊ ምርቃት ስትጠብቅ ልታስቀረኝ ነው? ቤት የሌለው ሰው ስለ ቤት ምን ያውቃል?» ስልኩን ልዘጋ ስራወጥ ጋሽ እንድሪስ «ተወው» ብለው እጄን ያዙኝ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ልክ ነሽ ልጄ፣ ቤት የለኝም። ተከራይ ነኝ። አንቺ ግን የምትገዢው ቤት መሰለሽ? ግድግዳና ቆርቆሮ የትም አለ። የምትገዢው እኔን ነው፣ ተከራዩን። እኔ ደግሞ እዚህ አልቀመጥም።»

እቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለምን አይቀመጡም?» አለች፤ አንቱ ማለት የጀመረችው ያኔ ነው። ስለ ሻንጣዎቹ ነገሯት። ከዚያ ደግሞ እኔ በሕይወቴ አስቤው የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቋት። «እስቲ ንገሪኝ፣ አገርሽ ገብተሽ ከልጅሽ ጋር ለመኖር በወር ስንት ይበቃሻል? ብዙ ይግባልኝ እንዳትዪኝ። የሚበቃሽን ነው የምጠይቅሽ።»

እቴ አለቀሰች። ያን ሁሉ ዓመት እናቴም፣ እኔም፣ የአጎቶቻችንም ልጆች ስንጠይቃት የነበረው ስንት ትልኪያለሽ ብለን ነው። ስንት ይበቃሻል ያላት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ባለ ሰማያዊ መስኮቱን ፎቅ ሌላ ሰው ገዛው፤ እሱም እንደ እቴ ከዓረብ አገር በላቡ ያመጣውን ገንዘብ ይዞ፣ የጎደለውን ተበድሮ። ብዙ ሳይቆይ መንገዱ አለቀና ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ፎቁ ጦም አደረ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ዕዳው አላስቀምጥ ብሎት ወደ መጣበት ተመልሷል። በሰው ጉዳት የሚስቅ አንጀት የለኝም። ያ ሰው ግን እኅቴ ልትሆን ትንሽ ነበር የቀራት።

ለእቴ የተገዛላት ሐይቅ ውስጥ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። ጭቃ ቤት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በረድፍ የተደረደሩ ክፍሎች፣ መሐሉ ላይ አንድ የዘይቱን ዛፍ። «መልክ የላትም» ብዬ አኮረፍኩ። «ልታገባት ነው እንዴ?» አሉኝ ጋሽ እንድሪስ። ከዚያ በፊት ባንዱ ክረምት ከርመውባታል፤ አንድ ቦታ ከማፍሰሷ በቀር ነውር አላገኙባትም። አንዷ ክፍል ውስጥ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፣ ቀጥሎ አስተማሪ፣ ቀጥሎ ከሐይቁ ዓሣ እየተረከበ ወደ ደሴ የሚልክ ነጋዴ፣ ከዳር ደግሞ ከአምባሰል ገጠር ለትምህርት የመጡ ልጃገረዶች። «እነዚህ እንጀራቸው ለየቅል ነው» አሉ። «አንዱ ቢወጣ አንዱ ይቀመጣል።» ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ግን ዕዳ የለበትም፣ እቴ ይበቃኛል ካለችውም አይጎድልም። ሲያሰሉ ከክፍሎቹ አንዷን ሁልጊዜ ባዶ ናት ብለው ነው የሚያሰሉት። ከመግዣው የተረፈውንም ልነካ ስል እጄን መቱኝ። «የቤቱ ስንቅ ነው። ከኪራዩም በየወሩ ለቤቱ የድርሻውን ሳትጨምሩ እንዳትበሉ።» እቴ ከድጃ በዚያው ዓመት ጠቅልላ ገባች። ሰሚራ መጀመሪያ ሰሞን አፍራ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ትደበቅ ነበር፤ በኋላ ግን እናቷን እየተከተለች ማድቤት እንኳ ብቻዋን አታስገባትም።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው አዘዙን። «ዘመድ እንዳታከራዩ።» እኔ ሳቅሁ፤ ወሎ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? ወዲያው የአጎታችን ልጅ አንዷን ክፍል ካልሰጣችሁኝ ብሎ መጣ። እምቢ ማለት ነውር፣ እሺ ማለት ኪራይ የለም። ጋሽ እንድሪስ «አሟሺው ከለከለን በሉት፣ እኔን ይጥላኝ» አሉን። እውነትም ያ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰላም አይላቸውም ነበር። እሳቸው ግን ባዩት ቁጥር «እንዴት ነህ ልጄ» ይሉታል።

ለምን እንዲህ እንደጨከኑ የነገሩኝ አንድ ቀን ከእኔ ጎን ተቀምጠው ስንሄድ ነው። በወጣትነታቸው የራሳቸው ቤት ነበራቸው። ወንድማቸው ሲቸገር አስገቡት። ኪራይ መጠየቅ አፈሩ፤ ውጣ ማለትም አፈሩ። ወንድምየው ሚስት አገባ፣ ወለደ፣ ቤቱን የራሱ አደረገው። አንድ ቀን ስለ ቤቱ አንስተው ተጣሉ። «ሽማግሌ ለእኔ ፈረደልኝ» አሉ መንገዱን እያዩ። «የወንድሜን ልጆች ሜዳ ላይ በትኜ ልገባበት ነው? ተውኩለት። ያን ቀን ቤቴንም ወንድሜንም አጣሁ። የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ሐይቅ መጣሁ።» እስክንደርስ ሬዲዮኑን አልከፈትኩም።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣ ጊዜ ሰው ልጁንና ፍራሹን ይዞ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲሸሽ፣ እኔ ከቤተሰቤ ጋር ጋሽ እንድሪስንና የስፌት መኪናቸውን ጫንኩ። ስንመለስ የግቢው በሮች ተገንጥለዋል፣ ቆርቆሮው ተበሳስቷል። ተከራዮቹ ተበትነዋል፤ ኪራይ የሚባል ነገር የለም። እቴ ለቀናት ግቢውን ስትዞር ከረመችና አንድ ጠዋት ፓስፖርቷን ከሳጥን አውጥታ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰሚራ አየቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ሄዳ በሌለው በር ደፍ ላይ ተቀመጠች፣ እናቷን ላታሳልፍ።

ጋሽ እንድሪስን ሮጬ ጠራኋቸው። ልጅቷን አልፈው ገቡና እቴ ፊት ቆሙ።

«ፓስፖርቱን መልሺው።»

«ምን ልብላ ጋሼ? ቤቱ ባዶ ነው!»

«አብሽሪ። ይህ ባዶው ክረምት ነው፣ ከተገዛ ጀምሮ የታሰበ ነው። ስንቁ የት ሄደ?»

ስንቁ አለ። በሩም ቆርቆሮውም በእሱ ተሠራ፤ ከዚያም ተርፎ ተከራይ እስኪመለስ ድረስ እኛን አበላን። ነርሷ ስትመለስ ክፍሏን የዘጋችባቸውን ወራት ኪራይ ልትከፍል ቦርሳዋን ስትከፍት ጋሽ እንድሪስ እቴን በዓይናቸው ገሠጿት። «የሸሸ ሰው ኪራይ አይጠየቅም» አሉ። ያቺ ነርስ ዛሬም ከእኛው ጋር ናት። እቴ ፓስፖርቷን የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

በኋላ ጉልበታቸው ደከመ። በየክረምቱ ጓዝ መሸከም ሲያቅታቸው እቴ «የእኛን የዳሯን ክፍል ይያዙ፣ ኪራይ የለብዎትም» አለቻቸው። ተቆጡ፤ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «በነፃ ከገባሁ ዘመድ ሆንኩብሽ ማለት ነው። ዘመድ ደግሞ አይከራይም ብያለሁ።» እየከፈሉ ገቡ። እቴም ኪራዩን ቆጥራ ትቀበላለች፤ ከዚያ በወተት፣ በዓሣ ሾርባ፣ በክረምት ጋቢ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። «ይሄ ቤት ኪራዩ ቁርስ ይጨምራል እንዴ?» ይሏታል። «ለሁሉም ነው ጋሼ» ትላቸዋለች። ነርሷና ዓሣ ነጋዴው ከጓሮ ሆነው ይስቃሉ። ሰሚራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እሳቸው ክፍል ነው፤ መርፌው ላይ ክር የምታስገባላቸው እሷ ናት።

ያን ቀን ሐይቅ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የሰፈሩ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ድንኳኑን ተሸክሞ ደጅ ቆሟል፤ ግን አልተከለውም። ነገሩ ወዲህ ነው። ቅሬ በሰፈር ነው፤ ሰው የሚቀበረው በሰፈሩ ቅሬ ነው። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ የሰው ቤት ሲያሟሹ በየክረምቱ ሰፈር ሲቀይሩ ኖረው የየትኛውም ቅሬ ቋሚ አባል አልነበሩም፤ እኛ ጋር ከገቡም ወዲህ አልተመዘገቡም። የሌሎች ሰፈሮችም ቅሬዎች መጥተዋል፣ «እኛ ጋር ከርመዋል» እያሉ። የእኛ ቅሬ ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ላለማስቀየም ቃል እየመረጡ ተናገሩ።

«ጀናዛው የሁላችን ነው፣ እንቀብራለን። እኔን የቸገረኝ ድንኳኑን በማን ደጅ እንትከለው ነው። አላህ ያጽናህ የምንለው ማንን ነው? ሰውየው ዘመድ አላቸው?»

እኔ የወንድማቸውን ነገር ላንሳ አላንሳ እያልኩ ሳመነታ፣ እቴ ከድጃ ከክፍላቸው በር ላይ ተነሳች። የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን በእጇ ጠቅልላ ይዛለች።

«አላቸው» አለች። «ዘመድ እንዳታከራዪ ብለውኝ ነበር አባባ። እኔ ግን ይኸው ዘመዴን አከራይቼ ኖሬያለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «ድንኳኑን እዚሁ ትከሉት» አሉ። እቴ ሰሚራን ይዛ ከፊት፣ ከሐዘንተኛው ቦታ ተቀመጠች፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።